ትንፋሹ ሌሊት ለሚቋረጥ ሰው ቤት ውስጥ ኦክስጅን እንዴት ይለካል? ከመሣሪያ ምርጫ እስከ ሐኪም ቤት

አባቴ ሲያንኮራፋ ጎረቤት ይሰማል። እኛ ቤት ለዓመታት ጉዳዩ መሳቂያ ነበር። እናቴ ግን አትስቅም። "ማንኮራፋቱስ ደህና፤ እኔን የሚያስፈራኝ ሲያቆም ነው" ትላለች።

አንድ ሌሊት የጣት ኦክሲሜትር (በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን በመቶኛ የሚያሳይ መሣሪያ) ተውሼ አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ነው። ያንኮራፋል፣ ያንኮራፋል፣ ከዚያ ጸጥ። ደረቱ ይታገላል፤ አየር ግን አይገባም። በስልኬ ሰከንድ መቁጠር ጀመርኩ። 10። 20። 30። መሣሪያው ላይ 93 ይላል፣ ንቅንቅ አላለም። 34ኛው ሰከንድ ላይ እንደታነቀ ሰው አጓርቶ ተነፈሰ። እፎይ አልኩ። ቁጥሩ መውረድ የጀመረው ግን ገና ያኔ ነው። 91። 88። 85። 83። ከዚያ ተመልሶ ወደ 92 ወጣ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ እንደገና ጸጥ አለ።

ቁጥሩ ለምን ዘገየ? ደሙ ከሳንባ ተነስቶ ጣት ጫፍ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። መሣሪያውም የሚያሳየው ያለፉትን ጥቂት ሰከንዶች አማካይ ነው። ስለዚህ ትንፋሽ ሲቆም አይታችሁ ቁጥሩን ብታዩት "ደህና ነው" ልትሉ ትችላላችሁ። ጉዱ የሚታየው ከተነፈሰ በኋላ ነው።

በዚያው ሳምንት አባቴ አንድ ክሊኒክ ሄዶ ሳቹሬሽኑን፣ ማለትም የደሙን የኦክስጅን መጠን፣ ተለክቶ ነበር። 95። "ምንም የለብዎትም" ተብሎ ተመለሰ። ቁጥሩ ትክክል ነው። ችግሩ የተለካው ቀን ላይ፣ ቁጭ ብሎ፣ ነቅቶ መሆኑ ነው። ይህን መመሪያ የምጽፈው ለዚሁ ነው፦ ለስሊፕ አፕኒያ የሚያስፈልገው አንድ ቁጥር ሳይሆን ሙሉ ሌሊት ነው።

መጀመሪያ ስለ በሽታው ትንሽ

ስሊፕ አፕኒያ እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ ደጋግሞ የሚቋረጥበት ሕመም ነው። አንድ መቋረጥ የሚቆጠረው 10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲቆይ ነው። በብዛት የሚታየው የጉሮሮና የምላስ ጡንቻ ላልቶ የአየር መተላለፊያውን ሲዘጋው ነው። ሌላው ዓይነት አንጎል "ተንፍስ" የሚለውን ትእዛዝ ሳይሰጥ ሲቀር የሚመጣ ነው። አንዳንድ ሰው ላይ ሁለቱም አሉ።

ሰውየው በየጊዜው ይባንናል፣ ግን ጠዋት አያስታውሰውም። የሚያስታውሰው ሲነጋ ራሱን እንዳመመው፣ ሌሊት ሦስት ጊዜ ለሽንት እንደተነሳና ቀን ታክሲ ውስጥ እንደሚያንቀላፋ ነው። ታፍኖ የባነነ ሰው "ዱካክ ያዘኝ" ሊል ይችላል። ዱካክ የተባለው ሁሉ አፕኒያ አይደለም። ግን በየሌሊቱ የሚመላለስ ዱካክ መመርመር አለበት። ሳይታከም የቆየ አፕኒያ የደም ግፊትን ያባብሳል፣ ልብን ይጎዳል፣ መሪ የያዘን ሰው ያስተኛል። ዋሽንግተንም ሆነ ዳላስ ሌሊት የጭነት መኪና ወይም ታክሲ የምትነዱ ወገኖች ይቺን ዓረፍተ ነገር ሁለቴ አንብቧት።

ደረጃ 1፦ መሣሪያ ከመግዛት በፊት ስምንት ጥያቄ

ሐኪሞች ስቶፕ ባንግ የሚሉት አጭር መጠይቅ አለ። ቶሮንቶ ውስጥ የተዘጋጀ ሲሆን የታተመው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው። ጥያቄዎቹ ቀላል ናቸው። በተዘጋ በር የሚሰማ ማንኮራፋት አለ? ቀን ቀን ድካም ወይም እንቅልፍ ያጠቃል? ትንፋሽ ሲቆም ያየ ሰው አለ? የደም ግፊት አለ? የሰውነት ክብደት መለኪያው (ክብደት በኪሎ፣ ለቁመት በሜትር ሁለት ጊዜ ሲካፈል) ከ35 በላይ ነው? ዕድሜ ከ50 በላይ ነው? የአንገት ዙሪያ ከ40 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል? ጾታ ወንድ ነው?

ለእያንዳንዱ "አዎ" አንድ ነጥብ ስጡ። ከ0 እስከ 2 ዝቅተኛ ሥጋት ነው፤ 3 ወይም 4 መካከለኛ፤ 5 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ። አንገቱን በልብስ ሰፊ ሜትር ለኩ፣ በግምት አትለፉት። አባቴ 6 አገኘ። 6 ያገኘ ሰው መሣሪያ እስኪያገኝ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፤ ቀጠሮውን አሁኑኑ ይያዝ፣ መለካቱን ጎን ለጎን ያስኪደው።

አብሮ የሚተኛ ሰው ካለ የአንድ ሌሊት ምስክርነቱን ጻፉ። ብቻውን ለሚተኛ ደግሞ ስልክ ላይ ድምፅ መቅጃ ከፍቶ ራስጌ ላይ ማስቀመጥ በቂ ነው። ማንኮራፋት፣ ጸጥታ፣ ከዚያ ማጓራት፦ ይህ ቅደም ተከተል ከተሰማ ቅጂውን አታጥፉት፣ ሐኪሙ ይስማው።

ደረጃ 2፦ የትኛው መሣሪያ?

ሦስት ዓይነት ታገኛላችሁ።

አንደኛው ጣት የሚቆነጥጠው ተራ ክሊፕ ነው። በኮቪድ ጊዜ ብዙ ቤት ገብቷል። ለቀን መለኪያ ጥሩ ነው። ብዙዎቹ ግን ሌሊቱን አይመዘግቡም፤ ከጣት ሲወልቁም ወዲያው ይጠፋሉ። ሌላ አማራጭ ከሌላችሁ እኔ እንዳደረግኩት አንድ ሰው ነቅቶ ለአንድ ሰዓት ያህል ያንብብ። ስልክ ደግፎ በቪዲዮ መቅረጽም ይቻላል፣ ጠዋት አፍጥኖ ማየት ነው።

ሁለተኛው የሚመዘግብ ኦክሲሜትር ነው። አንዳንዱ እጅ አንጓ ላይ ታስሮ በሽቦ ጣት ላይ ይገባል፤ አንዳንዱ ቀለበት ይመስላል። የምትፈልጉት ይህን ነው። ስትገዙ ሻጩን አራት ነገር ጠይቁት። ሌሊቱን ሙሉ ይመዘግባል? በየስንት ሰከንዱ ነው የሚመዘግበው? (በየ1 ሰከንዱ ቢሆን ይመረጣል፤ በየ4 ሰከንዱም ያስኬዳል፤ በየደቂቃው ከሆነ ተዉት፣ ከላይ ያየነው ከ93 ወደ 83 የወረደው ጉዞ በመሃል ያመልጠዋል።) ውጤቱን ወደ ስልክ ወይም ኮምፒውተር አውጥቶ ማተም ይቻላል? የሚንቀጠቀጥ ማንቂያው ይዘጋል? ኦስካር የሚባለው ነጻ የኮምፒውተር ፕሮግራም የአንዳንድ መሣሪያዎችን መረጃ ያነባል። የእናንተ ይነበብ እንደሆነ ከመግዛታችሁ በፊት አረጋግጡ።

ሦስተኛው ዘመናዊ የእጅ ሰዓት ነው። ብዙ ሰው "ሰዓቴ ይለካልኛል" ይላል። ብዙዎቹ ኦክስጅን የሚለኩት አልፎ አልፎ ነው። በመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የፈቀደው የአፕል ሰዓት የአፕኒያ ማስጠንቀቂያም ቢሆን የሚሠራው የእጅ አንጓን እንቅስቃሴ በማንበብ እንጂ ኦክስጅን በመለካት አይደለም። ሰዓታችሁ ካስጠነቀቃችሁ ተመርመሩ። ዝም ካለ ግን ነጻ ነኝ አትበሉ።

ደረጃ 3፦ የራሳችሁን መነሻ ቁጥር እወቁ

እዚህ ላይ ልዘገይ ነው። ኢንተርኔት ላይ የምታገኙት መመሪያ አብዛኛው የተጻፈው ባሕር አጠገብ ለሚኖር ሰው ነው። "ከ95 በታች ጤነኛ አይደለም" ይላል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 አካባቢ። ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ወደ ደም የሚገባው ኦክስጅንም አብሮ ይቀንሳል። አዲስ አበባ ላይ ጤነኛ ሰው 93 ወይም 94 ቢያነብ አይገርምም። ያው ሰው ድሬዳዋ ቢወርድ ቁጥሩ ከፍ ሊልለት ይችላል።

ከፍታ ሁሉንም ሰው እኩል አይነካም። በ2002 እ.ኤ.አ. ሲንቲያ ቢል የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቿ ያሳተሙት ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን ለክቶ አማካዩን 95.3 በመቶ አግኝቷል። በዚያ ከፍታ ይህ የሚያስደንቅ ቁጥር ነው። ስለዚህ የጎረቤትን ቁጥር አትዋሱ። የራሳችሁን አግኙ።

አለካኩ እንዲህ ነው። አምስት ደቂቃ ቁጭ በሉ። እጃችሁን አሙቁ፣ ጠረጴዛ ላይ አሳርፉ፣ አታውሩ። መሣሪያውን መሃል ጣት ላይ አድርጉና ቁጥሩ እስኪረጋ አንድ ደቂቃ ጠብቁ። መጀመሪያ ብልጭ ያለውን አትጻፉ፤ የረጋውን ጻፉ። ጠዋትና ማታ፣ ለሦስት ቀን። ስድስቱን ቁጥሮች አሰልፉና መሃል ላይ የሚመላለሰውን ያዙ። ያ መነሻችሁ ነው። እንቅልፍ ላይ ከዚያ አንድ ሁለት ነጥብ መውረድ የተለመደ ነው።

ደጋ ላይ ሌላም ነገር አለ። በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን የሚወርድበት መንገድ መጀመሪያ ሜዳ ነው፣ ከ90 አካባቢ ጀምሮ ግን ቁልቁለት ነው። መነሻው 98 የሆነ ሰው ቁልቁለቱ ጫፍ እስኪደርስ ብዙ ይቀረዋል። መነሻው 93 የሆነ ሰው አፋፉ ላይ ነው የቆመው። ለዚህም ነው አንድ ዓይነት መታፈን አዲስ አበባ ላይ ጠለቅ ያለ ቁጥር ሊያሳይ የሚችለው።

ስለ ቆዳ ቀለምም ማወቅ አለባችሁ። በታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. ከሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት መሣሪያው ከ92 እስከ 96 እያነበበ እውነተኛው የደም ኦክስጅን ግን ከ88 በታች ሆኖ የተገኘባቸውን ቆጥሯል። ጥቁር ሕመምተኞች ላይ ይህ በ11.7 በመቶ ታየ፣ ነጮች ላይ በ3.6 በመቶ። ማለትም ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ላይ መሣሪያው ካለው በላይ የሚያሳይበት ጊዜ አለ። ጥሩ መሣሪያ እንኳ ሁለት ሦስት ነጥብ ይሳሳታል። ስለዚህ አንድን ቁጥር እንደ ፍርድ አትዩት። የአንድ ሰው፣ በአንድ መሣሪያ፣ ሌሊቱን ሙሉ የወጣና የወረደው ግን ብዙ ይናገራል።

ደረጃ 4፦ ጣቱን ማዘጋጀት

መሣሪያው በጣት ውስጥ ቀይና ለዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ብርሃን አሳልፎ ነው የሚያነበው። ሐሳቡን በ1974 እ.ኤ.አ. ያወጣው ታኩኦ አኦያጊ የሚባል ጃፓናዊ መሐንዲስ ነው። ብርሃን የሚያግድ ነገር ሁሉ ንባቡን ያበላሻል። የጥፍር ቀለም፣ ሰው ሠራሽ ጥፍር፣ ሂና፣ እንሶስላ። ሙሽራ የሰነበተች ካለች ያልተቀባ ጣት ትፈልግ። ሁሉም ከተቀባ ቀለሙ እስኪለቅ መጠበቅ ነው፤ የእግር ጣትን መሣሪያው ከፈቀደ ብቻ።

የቀዘቀዘ እጅ ሌላው ጠላት ነው። የክረምትና የኅዳር ሌሊት እጅ ያደነዝዛል፤ ደሙ ወደ ጣት አይደርስም፤ ቁጥሩ ይዋልላል። ከመተኛታችሁ በፊት እጃችሁን በሞቀ ውሃ ያዙ፣ ከዚያ መሣሪያውን አጥልቃችሁ ጫፉ የተቆረጠ ካልሲ እላዩ ላይ ልበሱ። ካልሲው ሙቀትም ይሰጣል፣ ክሊፑንም ከመውለቅ ያድናል፣ የመብራት ብርሃንም ይከለክላል። የማትጽፉበትን እጅ ምረጡ። በጣም አታጥብቁት፤ ጣት ከደነዘዘ ልኬቱም ይበላሻል።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ። ቤት ውስጥ ከሰል እየነደደ ይህን መሣሪያ በፍጹም አትመኑ። የከሰል ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከደም ጋር ሲጣበቅ መሣሪያው ኦክስጅን ይመስለዋል። ሰው እየታፈነ 98 ሊያነብ ይችላል። የከሰል ምድጃ የሰው መኝታ ውስጥ አይደር። ጠዋት ሁሉም የቤቱ ሰው ራሱን ካመመው አፕኒያ ከማለታችሁ በፊት በሩን ከፍታችሁ ውጡና ወደ ሕክምና ሂዱ።

ደረጃ 5፦ ሦስት ሌሊት

አንድ ሌሊት አይበቃም። የመጀመሪያው ሌሊት ጣት ላይ ያለው ነገር ስለሚረብሽ እንቅልፍ ይዛባል። ቢያንስ ሦስት ሌሊት መዝግቡ፤ እያንዳንዱ ከአራት ሰዓት በላይ ይሁን።

እንደ ወትሮው ተኙ። "ለምርመራው" ብላችሁ ትራስ አትቆልሉ፣ የወትሮ አተኛኘታችሁን አትቀይሩ። የሚንቀጠቀጥ ማንቂያ ካለው ዝጉት፤ እየቀሰቀሳችሁ ከለካ የሚለካው ሌላ ሌሊት ነው። ባትሪውን ከሰዓት በኋላ ሙሉት፣ ማታ መብራት ሊጠፋ ይችላል።

ሰዓቱን አስተካክሉ። እዚህ ላይ እኔ ራሴ ተሳስቻለሁ። መሣሪያው 3፡12 ካለ በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ12 ነው። እናቴ በእኛ ሰዓት የጻፈችውን ወረቀት ከመሣሪያው ግራፍ ጋር ሳመሳስል አንድ ሙሉ ጠዋት ግራ ተጋባሁ። አንዱን ምረጡና ሁሉንም በእሱ ጻፉ።

ራስጌ ላይ ወረቀትና እስክርቢቶ ይኑር። የእኛ ወረቀት ይህን ይመስል ነበር፦

ማክሰኞ ማታ። ተኛ 4፡40። ሽንት 7፡15 እና 10፡05። ክሊፑ ወለቀ 9፡30 ገደማ፣ መልሼ አደረግኩለት። አብዛኛውን በጀርባው። መጠጥ የለም። ተነሳ 11፡50። ራስ ምታት አለ።

ይኸው ነው። ከሦስቱ ሌሊት ውጭ ሌላ ሁለት ሌሊት መጨመር ከቻላችሁ አንዱን በጎን ተኝታችሁ ሞክሩ። ጠጅ ወይም አረቄ የምትወስዱ ከሆነ የጠጣችሁበትንና ያልጠጣችሁበትን ለዩት። አልኮል የጉሮሮን ጡንቻ ያላላል፤ ልዩነቱን ግራፉ ላይ ስታዩት ማንም ሊመክራችሁ አያስፈልግም።

ደረጃ 6፦ ጠዋት ግራፉን ማንበብ

ሥራው ያለው እዚህ ነው፤ አትቸኩሉ።

መጀመሪያ ቆሻሻውን አጽዱ። እውነተኛ መውረድ ተዳፋት አለው፦ በጥቂት ሰከንዶች ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ከዚያ ቶሎ ይመለሳል። በአንድ ሰከንድ ከ93 ወደ 61 ወርዶ ወዲያው 93 ከሆነ ጣቱ ተንቀሳቅሷል ወይም ክሊፑ ላልቷል። የልብ ምቱ መስመር በዚያው ቅጽበት ከጠፋም እንዲሁ። ወረቀታችሁ ላይ ሽንት ወይም ወለቀ የተባለበትን ሰዓት አውጡት። "ዝቅተኛው 61 ነበር" ብሎ የሚያስደነግጣችሁን የመተግበሪያ ማጠቃለያ ይህን ሳታጣሩ አትመኑ።

ቀጥሎ ቅርጹን እዩ። የመጋዝ ጥርስ ከመሰለ፣ ማለትም እየወረደ እየተመለሰ ተከታትሎ ከሄደ፣ የአፕኒያ መልክ ነው። ጥርሶቹ ተሰብስበው በአንዳንድ ሰዓት ብቻ፣ በተለይ ወደ ንጋት ከ9 እስከ 11 ሰዓት ባለው ውስጥ ከበዙ ሕልም የሚበዛበት እንቅልፍ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ጡንቻ ይበልጥ ይላላል። በጀርባ የተተኛበት ሰዓትም ሊሆን ይችላል፣ ወረቀቱን አመሳክሩ። ጥርስ የሌለው፣ ግን ለረጅም ጊዜ ዝቅ ብሎ የተኛ መስመር ሌላ ነገር ነው። የሳንባ ወይም የልብ ችግር፣ ወይም በውፍረት ምክንያት በቂ አለመተንፈስ ሊሆን ይችላል። ይህን ሐኪም ቶሎ ይየው። የጉሮሮ መዘጋት ይሁን የአንጎል ትእዛዝ መቅረት ኦክሲሜትር ብቻውን አይለይም።

የልብ ምቱን መስመር ደርባችሁ እዩት። ትንፋሽ ሲቋረጥ ምቱ ቀስ ይላል፤ ሰውየው ሲባንን ደግሞ ይዘላል። ኦክስጅኑ በወረደ ቁጥር ምቱም አብሮ የሚነሳና የሚወድቅ ከሆነ የመሣሪያ ስህተት የመሆን ዕድሉ ይቀንሳል።

አሁን ቁጠሩ። ኦክስጅኑ ከነበረበት 4 ነጥብ ወይም ከዚያ በላይ ስንት ጊዜ ወረደ? (አንዳንድ መተግበሪያ 3 ነጥብን ነው የሚቆጥረው፤ የትኛውን እንደተጠቀመ ጻፉ።) ያንን ለተመዘገበው ሰዓት አካፍሉ። ለምሳሌ በ6 ሰዓት ተኩል 117 ጊዜ ከወረደ በሰዓት 18 ነው። በግርድፉ በሰዓት ከ5 በታች ዝቅተኛ ነው፤ ከ5 እስከ 15 መመርመር ይገባዋል፤ ከ15 በላይ አይዘገይም፤ ከ30 በላይ ከባድ ነው። እነዚህ መስመሮች የተወሰዱት ሐኪሞች የትንፋሽ መቋረጥን ከሚቆጥሩበት መለኪያ ነው። ቤት ውስጥ የምታገኙት ቁጥር ከዚያ ሊያንስ ይችላል፣ ምክንያቱም ነቅታችሁ ያሳለፋችሁትም ጊዜ አብሮ ስለሚካፈል።

መተግበሪያው ከ90 በታች ያሳለፋችሁትን ደቂቃም ይነግራችኋል። ቆላ ለሚኖር ሰው ጥቂት ደቂቃ ራሱ ትኩረት የሚሻ ነው። ደጋ ላይ፣ መነሻው 92 ለሆነ ሰው ግን ይህ ቁጥር በቀላሉ ይገዝፋል። ስለዚህ ከመነሻችሁ ምን ያህል እንደወረደ ይበልጥ ተመልከቱ።

ግራፉ ንጹህ ቢሆንስ? ሰውየው ግን ቀን የሚያንቀላፋ፣ ሌሊት የሚታፈን ከሆነ አልዳነም። በተለይ ወጣቶችና ቀጠን ያሉ ሰዎች፣ ብዙ ሴቶችም፣ ኦክስጅናቸው ብዙም ሳይወርድ እየባነኑ ያድራሉ። ያንን ኦክሲሜትር አያየውም። ደም ማነስንም አያይም።

ሌሊቱ እስኪመዘገብ የማይጠበቅበት ጊዜ አለ። ነቅቶ፣ አርፎ፣ እጁ ሞቆ ቁጥሩ ከ90 በታች የረጋ ሰው፤ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ደረቱን የሚያመው፣ ከንፈሩ የጠቆረ ወይም የሚቀባጥር ሰው። ቁጥሩ ምንም ይበል ምን ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ። ይህ ሁሉ የተጻፈው ለአዋቂ ነው። የሚያንኮራፋና የሚታፈን ሕፃን በቀጥታ ሐኪም ጋ ይቅረብ።

ደረጃ 7፦ ወደ ሐኪም

የሦስቱን ሌሊት ግራፍ አትሙ፣ የራስጌውን ወረቀት፣ የስምንቱን ጥያቄ ውጤትና የድምፅ ቅጂውን ያዙ። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ጻፉ፣ በተለይ የእንቅልፍና ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ካለ። ከተቻለ አብሮ የሚተኛው ሰው ይሂድ። አባቴ ብቻውን ሲሄድ "ትንሽ አንኮራፋለሁ" ነው ያለው። እናቴ አብራው ስትሄድ ወሬው ሌላ ሆነ።

የውስጥ ደዌ፣ የሳንባ ወይም የአንገት በላይ ሐኪም ጋ መሄድ ትችላላችሁ። "ቀን ለክተን 95 ነው" ከተባላችሁ በትሕትና ግራፉን አስቀድሙና "ሲተኛ ነው ችግሩ፣ የእንቅልፍ ምርመራ ያስፈልገዋል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው የእንቅልፍ ምርመራ ነው፤ ትንፋሽን፣ የደረትን እንቅስቃሴና ሌሎችንም አብሮ ይለካል። አሜሪካ ያላችሁ ቤት የሚሠራ ምርመራ ሊታዘዝላችሁ ይችላል። የቤት ኦክሲሜትራችሁን ይዛችሁ መድን ሰጪ ጋ መሟገት አይጠቅምም። ሜዲኬር የተባለው የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን ለምሳሌ ለሕክምናው መሣሪያ (ከታች ለምናየው ሲፓፕ) የሚከፍለው በምርመራው በሰዓት 15 ወይም ከዚያ በላይ መቋረጥ ሲገኝ፣ ወይም ከ5 እስከ 14 ሆኖ እንደ ቀን እንቅልፍና ደም ግፊት ያለ ተጨማሪ ምክንያት ሲኖር ነው።

እስከዚያ ድረስ በራሳችሁ የማታደርጉት ነገር አለ። የኦክስጅን ሲሊንደር ገዝታችሁ ሌሊት አትክፈቱ። የተዘጋን ጉሮሮ ኦክስጅን አይከፍትም፤ አንዳንድ የሳንባ ሕመምተኛ ላይ ደግሞ የተቃጠለ አየር በደም ውስጥ እንዲከማች ያደርጋል። "እንቅልፍ አጥቶ ነው" ብላችሁ የእንቅልፍ ኪኒን አትስጡ። እንጥል ማስቆረጥንም አታስቡት። ማንኮራፋትን አያድንም፤ ደም መፍሰስና መመረዝ ግን ያመጣል። በጎን መተኛት፣ ማታ አለመጠጣት፣ ክብደት መቀነስ፦ እነዚህን ዛሬውኑ መጀመር ይቻላል። ቀን የሚያንቀላፋ ሰው ደግሞ እስኪታከም መሪ አይያዝ።

ደረጃ 8፦ ሕክምናው ከተጀመረ በኋላ

ለብዙ ሰው የሚታዘዘው ሲፓፕ ነው። በአፍንጫ ጭምብል አየር በቀስታ እየገፋ ጉሮሮው እንዳይዘጋ ያደርጋል። በ1981 እ.ኤ.አ. ሲድኒ ላይ ኮሊን ሰሊቫን ካስተዋወቀው ወዲህ መሠረቱ አልተለወጠም። አገር ቤት የምትጠቀሙ ከሆነ መብራት ሲጠፋ የሚረከብ ባትሪ አብራችሁ አስቡ።

ኦክሲሜትሩን አትጣሉት። ጭምብሉን ከለመዳችሁ በኋላ ሁለት ሦስት ሌሊት እንደገና መዝግቡና ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡት። ጥርሶቹ ካልጠፉ ጭምብሉ አየር ያፈስ ይሆናል፣ ግፊቱ ያንስ ይሆናል፤ ለሐኪሙ አሳዩት፣ ግፊቱን ግን ራሳችሁ አትንኩት። ክብደት በብዙ ሲቀየር ወይም ማንኮራፋቱ ሲመለስም ድገሙት።

አባቴ ሲፓፕ በጀመረ በስድስተኛው ሳምንት እንደገና መዘገብነው። መስመሩ ሌሊቱን ሙሉ 92 እና 93 ላይ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቁልቁል ወርዶ ተመልሷል። ወረቀቱን አየሁ። በእናቴ እጅ ጽሑፍ "10፡20 ሽንት፣ ክሊፑን አውልቆ" ይላል።